አምስተኛዋ ጣት

የቫዮሊን መምህሩ አስከሬን የተገኘው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ በሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ፣ በገዛ ማስተማሪያ ክፍሉ ውስጥ ነው። በጀርባው ተንጋሎ ወድቋል፤ የፒያኖው ጠርዝ ላይ ደም አለ። ኖታ ማስቀመጫው ላይ ግን ሁሉም በሥርዓቱ ነበር። የአንዲት ተማሪው ኖታ ተገልጧል፣ የጣት ቁጥሮች በእርሳስ ተጽፈውበታል፣ ከገጹ ግርጌ «አሥር ሰዓት» ይላል።

ኢንስፔክተሩ ደረጃውን ጨርሶ ሲገባ መጀመሪያ የፈለገው ወንበር ነበር። ጡረታ ሊወጣ አራት ወር ቀርቶታል፤ ጉልበቱ ግን ቀድሞት ወጥቷል። ባልደረቦቹ «እንቁላሉ» ይሉታል፤ ቶሎ በል ባሉት ቁጥር ቀስ በቀስ በእግሩ ስለሚሄደው እንቁላል ስለሚተርትባቸው ነው። ከሟቹ ኪስ አንድ ቅጽ አወጣ፣ አነበበውና በራሱ ኪስ ከተተው።

ዳይሬክተሩ፣ እሱም የድሮ ቫዮሊኒስት ነው፣ ቸኩሏል።

«ነገሩ ግልጽ ነው። አንድ ገጽ አርሞ ሲጨርስ ሰዓቱን ከታች ይጽፋል፤ ልማዱ ነው። ስለዚህ እስከ አሥር ሰዓት በሕይወት ነበር። እኛ መምህራኑ ሁሉ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ አዳራሽ ውስጥ የኅብረ ዝማሬ ልምምድ ላይ ነበርን። እዚህ ፎቅ ላይ የቀረችው ተማሪዋ ብቻ ናት። ትላንት ደግሞ ተጣልተዋል።»

ልጅቷ ኮሪደሩ ላይ ቫዮሊኗን አቅፋ ተቀምጣለች። አስከሬኑን ያገኘችው እሷ ናት።

«ነገ ጠዋት የውጭ ትምህርት ዕድል ፈተና አለኝ» አለች። «የዕድሜ ገደቡ ሃያ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ያልፈኛል። ዛሬ ካሰሩኝ የአሥራ አራት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ።»

«ለምን ተጣላችሁ?»

«‹አልደረስሽም› አሉኝ። በየሳምንቱ ነው የሚሉኝ፤ ትላንት ግን አለቀስኩ። ዛሬ ከዘጠኝ ጀምሮ ጎን ባለው ክፍል እየተለማመድኩ ነበር። ብቻዬን።»

«ኖታ ላይ የሚጻፉት ቁጥሮች ምንድን ናቸው?»

«የትኛው ጣት ክሩን እንደሚጫን ነው።» የግራ እጇን ዘረጋች፤ የጣቶቿ ጫፍ ደድሯል። «አመልካች አንድ፣ መሃሉ ሁለት፣ የቀለበቱ ሦስት፣ ትንሿ አራት።»

«አውራ ጣትስ?»

«እሱ የቫዮሊኑን አንገት ይይዛል እንጂ አይቆጠርም።»

የሟቹ ታላቅ እህት መምህራን ክፍል ውስጥ ናት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በፒያኖ ያጀበችው እሷ ነች።

«እግዜር ያጽናዎት፣ እትዬ።»

«አሜን።» ድምጿ የዛለ ነበር። «ሁለታችንንም ያስተማረን አባታችን ነው። ኮንሰርቫቶር፣ ከፍተኛው የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ ለመላክ ግን አቅሙ የአንድ ልጅ ነበር። እኔ ቀረሁ። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ የሚነሳው እሱ ነው፣ እኔ ኖታ እሰበስባለሁ።»

«ነገ ልጅቷን ያጅቧታል?»

ጣቶቿን መዳፏ ውስጥ ሰበሰበች። «አዎ።»

«እናንተ ፒያኒስቶችም ጣት ትቆጥራላችሁ?»

«እንዴታ። አውራ ጣት አንድ፣ ትንሿ አምስት።» ለምን እንደጠየቃት ለማሰብ እንኳ አቅም አልነበራትም።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ኢንስፔክተሩ ሦስቱንም ወደዚያው ክፍል ጠራቸው፤ እሱ ግን ተቀመጠ።

«ሐኪሙ የሞተው ከስምንት እስከ አሥር ባለው ጊዜ ነው ይላል። እስከ አሥር ነበር የሚለን ይህ ወረቀት ብቻ ነው። ልጄ፣ ሦስተኛው መስመር ላይ ያለውን አንብቢልኝ።»

ልጅቷ ጎንበስ አለች። «ሁለት፣ አራት፣ ሦስት፣ አም...» ቀና አለች። «አምስት የለም እኮ!»

«የለም። አንቺ አትጽፊውም፤ መምህርሽም አይጽፉትም። ዳይሬክተሩም ቫዮሊኒስት ናቸው፣ ተኝተውም አይሳሳቱትም። ትንሿን ጣት አምስት የሚላት ፒያኒስት ነው። ከዘጠኝ በፊት እዚህ የነበረ፣ ከዘጠኝ በኋላ ግን አዳራሽ ውስጥ ሰው ሁሉ ያየው ፒያኒስት።» ቅጹን አወጣ። «ይሄ የፈተናው ቅጽ ነው። የአጃቢዋ ስም ዛሬ ተሰርዞ ሌላ ተተክቷል። እትዬ፣ ነገ የሚያጅቡት እርስዎ አይደሉም።»

ሴትየዋ አላለቀሰችም፣ አልካደችም። የታከታት ትመስል ነበር።

«ስምንት ተኩል ላይ ነገረኝ። ‹እቴቴ፣ ጣቶችሽ ደክመዋል፤ ለልጅቷ ወጣት ሰው አግኝቻለሁ› አለኝ። ገፋሁት። አንዴ ብቻ። ከዚያ ፈራሁ። ሰዓቱን ብቻ እንዳልጽፍ ገጹ ባዶ ነው፤ እሱ ደግሞ ሳያርም ሰዓት አይጽፍም። በእሱ ቦታ ሆኜ አረምኩት።» ወደ ልጅቷ ዞረች። «ጎን ክፍል መጥተሽ እንደምትለማመጂ አላወቅኩም ነበር። ሳውቅም ግን ዝም አልኩ። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው።»

«ሂጂ» አላት ኢንስፔክተሩ ልጅቷን፤ «ነገ ፈተና አለሽ። ኖታው ግን ማስረጃ ነው፣ እዚህ ይቀራል።»

«በቃሌ አውቀዋለሁ።» በሩ ላይ ስትደርስ ዞረች። «እትዬ፣ ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው ተጫውተው፣ አራት ጣት ብቻ እንደምንቆጥር እንዴት ሳያዩ ቀሩ?»

«ዓይኔ ኖታው ላይ ነበር፤ ጣቶቹን አይቼ አላውቅም።» ሴትየዋ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። «እሱም የእኔን ያየው ዛሬ ነው። ደክመዋል ሊለኝ።»

ኢንስፔክተሩ ክንዱን ሰጣት። ሦስቱን ፎቅ፣ በየመታጠፊያው እያረፉ፣ አብረው ወረዱ።