ከፊርማው በላይ

ጠበቃ ኃይለ ኢየሱስ የሞቱት በገዛ ጠረጴዛቸው ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ነው። ማጅራታቸውን የመታቸው የወይራ መቀርቀሪያ ከነደሙ ወደ ቦታው ተመልሶ በሩ ጥግ ቆሟል። የመቶ አለቃ ውባየሁ ይህን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ሰው ገድሎ ዕቃ የሚያስተካክል ሰው ሥርዓት የሚወድ ሰው መሆን አለበት።

ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ 1970 ነው። ውባየሁ ከመሐል ሜዳ ሌሊቱን በበቅሎ ገስግሶ ሞላሌ ሲደርስ ሦስት ሰዓት ሆኗል፤ ልጓም የያዘው እጁ ገና አልሞቀም። ተገኘ የተባለው የወረዳው ካድሬ ግን እስኪሞቀው አልጠበቀውም።

«ጓድ የመቶ አለቃ፣ በከንቱ ደከሙ። ገዳዩን ሟቹ ራሱ ነግሮናል» ብሎ ከሟቹ መሳቢያ የተገኘ፣ በታይፕ የተመታ ወረቀት ዘረጋለት።

«ጸሐፊዬ ጌታነሽ ልትገድለኝ ዝታብኛለች። ከፀረ አብዮተኞች ጋር ያላትን ግንኙነት ስለደረስኩባት ነው። ብሞት ደሜን ከእርሷ ፈልጉ» ይላል። ከወረቀቱ ግርጌ የኃይለ ኢየሱስ ፊርማ አለ። በጽሑፉና በፊርማው መካከል የቀረው ባዶ ቦታ ከዳር እስከ ዳር በሰረዝ ተሞልቷል።

«መኪናው ስድስት ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ብርሃን ይነሣል። እሷም ትሄዳለች» አለ ተገኘ።

በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው ሞላሌ እስካሁን አላየችም። ውባየሁ ሰዓቱን ተመለከተና ካፖርቱን ሳያወልቅ ሥራውን ጀመረ።

ቢሮው ድሮ ስመ ጥር ነበር። ከበሩ በላይ ያለው ሰሌዳ «የመሬት ክርክር፣ የንግድ ማኅበር ምሥረታ፣ ውል፣ ኑዛዜና ውርስ፣ ጋብቻ» ይላል። የመሬት አዋጁ ሲታወጅ የመጀመሪያው በጥቁር ቀለም ተሰረዘ፤ ነጋዴው ሲወረስ ሁለተኛው ተከተለ። አዋጅ በወጣ ቁጥር ቀለም የሚገዛ የሕግ ቢሮ እንግዲህ ይህ ነው። በቀረው ሥራ ሦስት ሰዎች ይተዳደሩ ነበር። ሟቹ ፍርድ ቤት ይቆማሉ፤ አቶ አስፋው ውል ያረቅቃል፤ ከቤተ ክህነት የመጡት ሽማግሌ መሪጌታ ገብረ አማኑኤል ደግሞ ኑዛዜና ጋብቻ ይጽፋሉ። ጌታነሽ ለሦስቱም ታይፕ ትመታለች። ትናንት አመሻሽ ላይ አስክሬኑን ያገኘችውና የጮኸችውም እሷ ናት።

ልጅቱ እጇን ታስራ የወረቀት ማስቀመጫው ክፍል ውስጥ ተቀምጣለች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው።

«አንቺ ነሽ የገደልሽው?»

«አይደለሁም፣ ጌታዬ።»

«እዚህ ስንት ጊዜ ሠራሽ?»

«ዓመት ከሁለት ወር። ታይፑ ሲገዛ ነው የተቀጠርኩት።»

«አቶ ኃይለ ኢየሱስ ከሰው ጋር ተጣልተው ነበር?»

ጌታነሽ መሬት መሬት ታይ ጀመር። «እኔ እናቴን የምጦር ነኝ። የሰጡኝን እመታለሁ እንጂ ለምን ብዬ አልጠይቅም። እባክዎ፣ እርስዎም አይጠይቁኝ።»

የምታውቀው ነገር እንዳለ ውባየሁ ተረዳ። የምትፈራው ገዳዩን መሰለውና አዘነላት።

መሪጌታ ደብዳቤውን ሲያዩ አማተቡ። «ቃሉ የእሳቸው አይደለም። ፊርማው ግን የእሳቸው ነው፤ መዋሸት አልችልም።»

«እንዴት ሊሆን ይችላል?»

«ለችሎት ወደ ሩቅ ሲሄዱ ባለጉዳይ እንዳይጉላላ ብለው ባዶ ወረቀት ግርጌ ላይ ፈርመው መሳቢያ ውስጥ ይተዋሉ። እኛ ማመልከቻውን እንሞላበታለን። ተዉ፣ ይህ ነገር ደግ አይደለም ብያቸው ነበር።»

«እርስዎ ታይፕ ይችላሉ?»

«በዚህ ዕድሜዬ? እኔስ በብዕሬ ነኝ።»

አስፋው በበኩሉ ክራቫቱን አስተካክሎ፣ እርሳሶቹን በቁመታቸው ደርድሮ ጠበቀው። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቻለሁ። ልጅቱ ዝምተኛ ነበረች፤ ዝምተኛ ደግሞ ያስፈራል» አለ።

ውባየሁ ለሦስቱም አንድ አንድ ወረቀት ሰጠ፤ የጌታነሽንም እጅ አስፈታ። «ትናንት የዋላችሁበትን በእጃችሁ ጻፉ። አጭር ይሁን። ፊርማችሁን ከግርጌ አድርጉ።»

እነሱ ሲጽፉ እሱ ወደ አስክሬኑ ተመለሰ። ተገኘ ደብዳቤውን ካገኘ በኋላ የሟቹን ኪስ እንኳ አልፈተሸም ነበር። ከሟቹ ካፖርት የውስጥ ኪስ አንድ የታጠፈ ውል ወጣ። ውባየሁ አንብቦ ሲጨርስ ደስ ብሎት ኪሱ ከተተው። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የተባለው ለእንደዚህ ያለው ሰዓት ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም በሟቹ ክፍል ተሰበሰቡ። ውጪ የመኪናው ሞተር ተነሥቷል።

«ከፊርማው እንጀምር» አለ ውባየሁ። «ሦስት መስመር የጻፈ ሰው ከጽሑፉ ሥር ይፈርማል። ይህ ግን ወረቀቱ ግርጌ ላይ ነው። ስለዚህ ፊርማው ቀድሞ ነበር፤ ቃሉ በኋላ መጣ። ጌታነሽ ደግሞ ራሷን የሚያስገድል ደብዳቤ አትጽፍም። አመታቱንም እዩት፤ አንዱ ፊደል ደምቋል፣ አንዱ ደብዝዟል። በአንድ ጣት እየፈለገ የመታ ሰው እጅ ነው።»

«እሺ፣ ማን ነው?» አለ ተገኘ።

«ባዶውን ቦታ ተመልከቱ። አቶ ኃይለ ኢየሱስ የክርክር ሰው ነበሩ፤ ዳኛው እንዲጽፍበት ብለው ሰፊ ቦታ ይተዋሉ። መሪጌታ ለኑዛዜው አራት ምስክር የሚፈርምበት ይተዋሉ። ባዶ ቦታ የሚያስፈራው የውል ሰውን ነው፤ አንዱ ወገን ቃል እንዳይጨምርበት በሰረዝ ይዘጋዋል። የሞተ ሰው ደብዳቤ ላይ ማን ምን ይጨምራል? እጅ ግን የለመደውን ይሠራል።»

የጻፉትን ሦስት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። የመሪጌታና የጌታነሽ ወረቀት መካከሉ ባዶ ነው። የአስፋው ከመጨረሻው ቃል እስከ ፊርማው ድረስ በሰረዝ ተሞልቷል።

«አመል ያወጣል ከመሀል» አሉ መሪጌታ በቀስታ።

አስፋው ከወንበሩ ተነሣ። «ሰረዝ ሰው አይገድልም!»

«ልክ ነው» አለ ተገኘ። «ምክንያት ያስፈልገዋል።»

ውባየሁ ውሉን አወጣ። «አንድ ነጋዴ ወፍጮውንና ቤቶቹን ለወንድሙ ልጅ የሸጠበት ውል ነው። ቀኑ ሰኔ 1967 ይላል፤ ከትርፍ ቤት አዋጁ አንድ ወር በፊት። ግን የተጻፈው በዚህ ቢሮ ታይፕ ነው፤ ታይፑ የተገዛው ደግሞ ከዓመት ከሁለት ወር በፊት፣ በመስከረም 1969 ነው። ከመንግሥት ለመሸሸግ ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሷል። ጀርባው ላይ በሟቹ እጅ ‹አስፋው፣ እስከ ሰኞ ራስህ ካላስታወቅህ እኔ አስታውቃለሁ› ተብሏል።»

አስፋው ወንበሩ ላይ ተዘረፈጠ። «ሰባት ልጆች አሉኝ። ጫማውን ስሜ ለመንኩት። ሁላችንንም ታስጨርሰናለህ አለኝ... ምን ላድርግ? ምን ላድርግ?» ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ።

በር ላይ የቆሙት ወታደሮች አነሡት። ውባየሁ በእፎይታ ወደ ጌታነሽ ዞረ። ልጅቱ ግን ደስ አላላትም፤ አመድ መስላ ውሉን ብቻ ታያለች።

ተገኘ ውሉን ከደብዳቤው ጎን አስቀምጦ ሁለቱን አስተያየ። ሞኝ አልነበረም።

«ደብዳቤው አንዱ ፊደል ደምቆ አንዱ ደብዝዟል። ደህና አስተማሩን» አለ። «ውሉ ግን እኩል ተመቷል። የተማረ እጅ ነው። ይህን ማን መታው?»

ውባየሁ ውሉን ዳግም አየው። ልጅቱ አይጠይቁኝ ያለችው ምን ማለቷ እንደነበረ አሁን ገባው፤ ከአንዱ ሞት ጎትቶ ወደ ሌላው አስገብቷታል።

«አስፋው ራሱ ሊሆን ይችላል» አለ በመጨረሻ። በሥራ ዘመኑ የመጀመሪያው ውሸት ነበር፤ ክፍሉ ውስጥ ያመነው ሰው አልነበረም።

«የአብዮቱን ንብረት በመደበቅ ተባባሪ» አለ ተገኘ። «ወደ መኪናው።»

ጌታነሽ ከወታደሮቹ ፊት ፊት ወጣች። መሪጌታ በር ላይ የውባየሁን ክንድ ያዙ።

«ከነፍስ ግድያው ነጻ አወጧት፤ እግዜር ይስጥልን። እናቷ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው የምትኖር። ምን ብዬ ልንገራት?»

መኪናው ሲንቀሳቀስ ውባየሁ ሮጦ ደረሰበትና ወደ ላይ ተንጠላጠለ።

«ወዴት ነው?» አለ ተገኘ ተገርሞ።

«ቃሌን ልሰጥላት። የታዘዘችውን የጻፈች ልጅ ናት ብዬ።»

«እዚያ ቃል የሚቀበል የለም። እርስዎንም እንዳያስቀሩዎት።»

«እንግዲያው እምቢ እስኪሉኝ እናገራለሁ።»

ጌታነሽ ወደ ጥግ ተጠግታ ቦታ ለቀቀችለት። መኪናው የሞላሌን ቁልቁለት ጀመረ።