በሩን አልቀባም

«ውስጡንም ቀቢው፤ በተለይ በሩን» አሉ ርዕሰ መምህሩ አቶ ታዲዮስ፣ አረንጓዴ ቀለም የሞላ ቆርቆሮ አርሴማ እግር ሥር እያስቀመጡ። «ዳኞቹ አንድም ጽሑፍ እንዳያዩበት።»

አርሴማ የዘረጉላትን ብሩሽ አልተቀበለቻቸውም። የክበብ ጓደኛዋ ምንይሉ ነው የወሰደው፤ ትልቅ ሰው እጁን ዘርግቶ ሲቆም ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም።

ከፊታቸው የቆመው እንደ ቁም ሣጥን በር ያለው የራዲዮ ማሰራጫ ነው። ቁመቱ ከአርሴማ ይበልጣል፤ ለማንሳት ስድስት ጎረምሳ ይፈልጋል። ድሮ፣ እሷ ሳትወለድ፣ ከከተማዋ በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ሆኖ ለገጠር ትምህርት ቤቶች ትምህርት ያስተላልፍ ነበር። ጣቢያው ሲዘጋ አምጥተው እዚህ ዕቃ ግምጃ ቤት ወረወሩት፤ ሃያ ዓመት ያህል የአይጥ ቤት ሆኖ ኖረ። አምና ያገኘው የትምህርት ቤቱ አማተር ራዲዮ ክበብ ነው። ክበቡ ማለት አርሴማና ምንይሉ ናቸው፤ ሌላ አባል የለውም።

አማተር ራዲዮ ምን እንደሆነ ለአርሴማ የነገሯት ጋሽ በዕውቀቱ ናቸው። ለገንዘብ ሳይሆን ለፍቅሩ ሲሉ፣ የራሳቸውን መሣሪያ ሠርተው ወይም ጠግነው፣ በአየር ላይ የሚጨዋወቱ ሰዎች በየአገሩ አሉ። ጋሽ በዕውቀቱ የጣቢያው የመጨረሻ ቴክኒሻን ነበሩ። አሁን ጡረታ ወጥተዋል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ስለዚህ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ይናገራሉ፣ እሷ ትሠራለች።

ስምንት ወር ፈጀባቸው። አይጥ የበላውን ሽቦ ቀጠለች፤ ያረጁትን ኤሌክትሪክ አጠራቃሚዎች፣ ካፓሲተሮቹን፣ አውጥታ አዲሶቹን በስታኞ በየደች፤ አማተሮች ወደሚጠቀሙበት ሞገድ እንዲመጣ የትልቁን ጥቅል ሽቦ ዙር ቀነሰች። ከሁሉ በፊት የተማረችው ግን ሌላ ነበር። «ኤሌክትሪክ ባለበት ስትነኪ አንዱ እጅሽ ኪስሽ ውስጥ ይሁን» አሏት ጋሽ በዕውቀቱ። «በሁለት እጁ የነካ ሰው ኤሌክትሪኩ በልቡ በኩል ነው የሚያልፈው።» የዩኒፎርም ቀሚስ ደግሞ ኪስ የለውም። ቤቷ ገብታ ከአሮጌ ሱሪ ኪስ ቆርጣ ሰፋችበት። እናቷ «ምን ልትከቺበት ነው?» ብትላት «እጄን» አለቻት።

አሁን ማሽኑ ይሠራል። የአማተር ፈቃድ ለማውጣት ማመልከቻ ገብቷል፤ ፈቃዱ እስኪመጣ ግን አንቴና ላይ መቀጠል ክልክል ነው። ስለዚህ በአንቴናው ፈንታ አራት አምፖሎች አሰሩለት። በማይኩ ሲናገሩ ድምፁ የትም አይሄድም፤ አምፖሎቹ ብቻ በቃሉ ልክ ደመቅ ፈዘዝ ይላሉ። ምንይሉ ፈቃዱን «ላም አለኝ በሰማይ» እያለ ይቀልድበታል።

«ቲቸር፣ ለምንድነው የሚቀባው?» አለች አርሴማ።

አቶ ታዲዮስ ተነፈሱ። ክፉ ሰው አይደሉም። ክፉ ቢሆኑ ለአርሴማ ነገሩ ይቀላት ነበር። «ስሚኝ ልጄ። ይህ ማሽን አገልግሎት ከማይሰጡ ንብረቶች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሰኞ መኪና መጥቶ ለብረት አቅላጭ ይጭነዋል።»

«ይሠራል እኮ።»

«ይሠራል የሚል ወረቀት አለሽ? ንብረት ክፍል በቃል አያምንም፤ ማህተም ነው የሚያየው። ነገ ዓለም ከተማ ላይ ያለውን ውድድር ካሸነፈ ግን የሚነካው የለም። ውድድሩ ደግሞ የፈጠራ ነው፤ የጥገና ውድድር የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አንቺ ከወዳደቀ ብረት የሠራሽው ነው የምንለው።» በሩን አዩት። «ይሄ ጽሑፍ ደግሞ ያጋልጠናል።»

በሩ ከውስጥ በኩል ከላይ እስከ ታች በእርሳስ ተጽፎበታል። ቴክኒሻኖቹ አንድ ነገር በጠገኑ ቁጥር እዚያ መጻፍ ልማዳቸው ነበር። ቀን፣ የተሠራው ሥራ፣ ስም፤ ከዚያ የዘለለ ነገር የለም። አርሴማ ስምንት ወር ሙሉ ስታነበው በቃሏ ወጥቶላታል።

አቶ ታዲዮስ እንደወጡ ምንይሉ የቀለሙን ክዳን ከፈተ። «አቦ አታካብጂው። አንድ ቀን ነው የምንዋሸው። ከዚያ ማሽኑ የኛ ነው።»

«የኛ የሚሆነው ስንዋሽ ነው?»

«ታዲያ እውነቱን ተናግረሽ ሰኞ ሲጫን ልታይ ነው? ያንቺ ነገር አይገባኝም።»

 አርሴማ ተናደደች። ክዳኑን ከእጁ ነጥቃ ገጠመችውና ወደ ጋሽ በዕውቀቱ ቤት ሄደች።

ሽማግሌው በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ነገሩን ሁሉ ነገረቻቸው። ይቆጣሉ ብላ ነበር፤ እሳቸው ግን «ቀቢው» አሏት።

«ምን?»

«ቀቢው ልጄ። ስሜ እዚያ ኖረ አልኖረ ምን ይረባኛል? ማሽኑ ይትረፍ እንጂ። እኔ እንደሆንኩ በልቻለሁ፣ ጠጥቻለሁ።»

አርሴማ የመጣችው እሳቸው አትቅቢ እንዲሏት ነበር። «የእርስዎን ስም እርስዎ ተዉት፣ እሺ» አለች። «የጋሽ ወዳጆን ስም ግን ማን ነው የሚተውላቸው?»

ወዳጆ ጋሽ በዕውቀቱን ሥራ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ከሞቱ ቆይተዋል። ሽማግሌው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«ወዳጆ እኮ…» አሉ። «ማሽኑን መብረቅ የመታው ጊዜ ሦስት ቀን ቤቱ አልገባም። ሚስቱ ስትወልድ እንኳ አልሄደም፤ የገጠር ተማሪዎቹ ትምህርት ይቋረጥባቸዋል ብሎ።» ወደ እሷ ዞሩ። «ካልቀባሽው ሊጫን ነው፤ አውቀሽዋል?»

«ቢጫንም ከነጽሑፉ ይጫን።»

ጋሽ በዕውቀቱ «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ብለው ለራሳቸው አጉተመተሙ።

በማግስቱ ማሽኑ በኢሱዙ ተጭኖ ወደ ዓለም ከተማ ተጓዘ። መንገዱ ኮረኮንች ነው። አርሴማ ቫልቭ የሚባሉትን የማሽኑን የብርጭቆ ቱቦዎች ነቅላ በጋቢ ጠቅልላ ጭኗ ላይ ይዛቸዋለች፤ መኪናው በዘለለ ቁጥር አብራ ትዘላለች። አቶ ታዲዮስ ጋቢና ውስጥ ናቸው። በሩ እንዳልተቀባ ያወቁት ውድድሩ ቦታ ሲያወርዱት ነው። ጊዜ ስላልነበረ አልጮሁባትም፤ ቫልቮቹን መልሳ ገጥማ ኤሌክትሪክ እንዳስቀጠለች ጎረምሶቹን ጠርተው በሩ ያለበትን ጎን ወደ ግድግዳው አስጠጉት። «አፍሽን ብቻ ዝጊ» አሏት በቀስታ።

ዳኞቹ ሦስት ነበሩ። ሰብሳቢዋ ኢንጂነር የምሥራች ይባላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የማሽኑን ዙሪያ በጥሞና ያዩ ነበር። ከኋላ ብዙ ተማሪ ተሰብስቧል።

«የፈጠራው ባለቤት ማን ነው?»

«እሷ ናት!» አሉ አቶ ታዲዮስ። «ከወዳደቀ ብረት፣ በራሷ ጭንቅላት!»

ኢንጂነሯ አርሴማን አዩዋት። «እንዴት እንደሠራሽው ንገሪን እስቲ።»

አርሴማ ሰኞን አሰበች፤ መኪናውን፣ ብረት አቅላጩን። ያኔ ውሸቱ ሊያመልጣት ምንም አልቀረውም ነበር፤ «አዎ፣ እኔ ነኝ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደርሷል። ከዚያ ግን «ምንይሉ፣ አዙረው» አለች።

ምንይሉ አቶ ታዲዮስን አየ፣ እሷን አየ። ፊቱ ቀላ። ትከሻውን ከብረቱ ላይ ደግፎ ገፋ፤ ብቻውን አልቻለም። ሦስት የማያውቃቸው ተማሪዎች መጥተው አብረውት ገፉ። በሩ ወደ ሰው ዞረ። አርሴማ ከፈተችውና ማይኩን ይዛ ማንበብ ጀመረች።

«መጋቢት ሦስት ቀን ሰባ ዘጠኝ፤ ቫልቭ ተቀየረ፤ ወዳጆ።» አምፖሎቹ ከድምፅዋ ጋር ደመቁ። «ግንቦት አሥራ ዘጠኝ ቀን ሰማንያ አንድ፤ መብረቅ መታው፤ ትራንስፎርመሩ ተረፈ፤ ወዳጆ።» «ጥር አሥራ ሁለት ቀን ዘጠና፤ አይጥ ሽቦ በላ፤ ተቀጠለ፤ በዕውቀቱ።»

እስከ ታች አነበበችው፤ አንድም መስመር አልዘለለችም። ስትጨርስ ማይኩን ዝቅ አደረገች። «እኔ አልፈጠርኩትም» አለች። «ጋሽ በዕውቀቱ እያሳዩኝ ጠገንኩት።»

ከኋላ የሳቀ ነበር። አቶ ታዲዮስ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። ኢንጂነር የምሥራች መነጽራቸውን አውርደው ውስጡን፣ የተበየደውን ሁሉ አንድ በአንድ መረመሩ፤ ራሳቸውም ማይኩን ይዘው ተናግረው አምፖሎቹን አዩ።

«ብየዳሽ ንጹሕ ነው» አሉ። «ግን ደንቡ ደንብ ነው። ፈጠራ ካልሆነ መሰረዝ አለብኝ። አዝናለሁ።»

ብዕራቸውን አነሱ። አርሴማ ብዕሩን ተከትላ ስታይ ጠረጴዛው ላይ፣ ከወረቀቶቹ ጎን፣ ማህተሙን አየችው።

«ይሰርዙኝ» አለች። «ግን የተሰረዝኩበትን ምክንያት በጽሑፍ ይስጡኝ። ሳይጎድል።»

ኢንጂነሯ ቀና ብለው አዩዋት። ከዚያ ወረቀት ስበው ጮክ ብለው እያነበቡ ጻፉ፦ «የቀረበው ማሰራጫ አሮጌ ነው። ተጠግኖ፣ በዳኞች ፊት ተሞክሮ፣ በትክክል እንደሚሠራ ተረጋግጧል። ፈጠራ ባለመሆኑ ከውድድሩ ተሰርዟል።»

«ማህተምም ይደረግበት።»

ማህተሙ ጠረጴዛውን እስኪያንቀጠቅጥ አረፈበት።

ሰው ወደ ቀጣዩ ጠረጴዛ ሲሄድ አቶ ታዲዮስ ወረቀቱን ከትከሻዋ በላይ አነበቡት። ሁለት ጊዜ አነበቡት። ሁለተኛው ላይ «በትክክል እንደሚሠራ» የሚለው ጋ ሲደርሱ ከንፈራቸው ቆመ።

«አምጪው» አሉ እጃቸውን ዘርግተው፤ ድምፃቸው ላይ ቁጣው አልነበረም። «ንብረት ክፍል እኔ አደርሰዋለሁ።»

«አይ ቲቸር» አለች አርሴማ። «ሰኞ ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮው ሲከፈት ራሴ አስገባዋለሁ። ለእርስዎ ቅጂውን አመጣልዎታለሁ።»

ምንይሉ ቫልቮቹን መንቀል ጀምሯል። እሷ ግን ወረቀቱን ሳታጥፍ፣ የማህተሙ ቀለም እስኪደርቅ እዚያው ቆማ ጠበቀች።