ያጠሩት ዓሦች

ዝናቡ በወቅቱ አልመጣም። ዘግይቶም አልመጣም። የግድቡ ውኃ በአምስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሜትር ወረደ፤ የቀረውም ሞቀ፣ ደፈረሰ። ከሌላ አገር መጥተው የተለቀቁት ዓሦች መጀመሪያ ከሱ። ቀጥሎ ጎናቸው ቆሰለ። ከዚያ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው መንሳፈፍ ጀመሩ። አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዳር ላይ በሞቱት ዓሦች መካከል አንድ ሰው ጭቃ ውስጥ ተደፍቶ ተገኘ።

ሟቹ የዓሣ ጣቢያው መዛኝ ነበር። በስሙ የሚጠራው ስላልነበረ ሁሉም «ሚሊሜትር» ይለዋል። ክንፋቸው ላይ ቁጥር የታሰረላቸውን ሃያ ዓሦች በየወሩ በመረብ እያወጣ ቁመታቸውንና ክብደታቸውን ይመዘግባል፤ መልሶ ይለቃቸዋል።

መርማሪዋ ብዙ የማትናገር፣ ውሸት ስትሰማ የማትቆጣ፣ የምትሰለች ሴት ነበረች። ስትደርስ ሬሳው ሸራ ለብሷል። የጣቢያው ኃላፊ በተተኮሰ ሸሚዝ ቆሞ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ብዙ አይድከሙ። ገዳዩ ጀልባ ነጂው ነው። ጎህ ሲቀድ አብረው ሲወጡ በመስኮቴ አይቻለሁ። መዝገቡም ይኸው፤ በዛሬ ቀን ሃያ ዓሣ ተለክቶበታል። ጀልባ ላይ ካልሆነ የት ይለካል? ደግሞ የታወቀ የመረብ ሌባ ነው። ያሰሩት እርስዎ ራስዎ አይደሉ?»

«እኔ ነኝ» አለች።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ነበር። ጀልባ ነጂው ስድስት ወር ታስሮ ወጣ። በዓመቱ የተሰረቁትን መረቦች እሷ ራሷ በሌላ ሰው ቤት አገኘቻቸው። ይህን ከእሷ በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም ለማንም አልተናገረች።

ሸራውን ገለጠች። ማጅራቱ ተፈንክቷል። የሱሪው እጥፋት ውስጥ ቡናማ የመኖ ፍርፋሪ አለ።

«የግድቡን ዓሣ መኖ ታበላላችሁ?» ስትል አጠገቧ የቆመችውን የጣቢያውን የግምጃ ቤት ሠራተኛ ጠየቀች።

«ኧረ ወዲያ! መኖ በገንዳዎቹ ያሉት የዓሣ ጫጩቶች ብቻ ናቸው የሚበሉት።»

«የገንዳው ቤት ቁልፍ ማን ጋ ነው?»

«ድሮ እኔ ጋ ነበር። ካለፈው ወር ወዲህ እሳቸው ወስደውታል።» በከንፈሯ ወደ ኃላፊው ጠቆመች።

«ከሟቹ ጋር ትስማሙ ነበር?»

«ከጋሼ ሚሊሜትር ጋር ማን ይስማማል? አንድ ኪሎ መኖ ከጎደለ ሦስት ቀን ያፋጥጠኛል። ግን ምን እንደገደለው እንዲያይ የሞተ ዓሣ ሆድ ስከፍትለት አጠገቤ ተቀምጦ እንባው ይወርድ ነበር።»

ጀልባ ነጂው የግድቡ ዳር ተቀምጦ መረብ ይጠግናል። ቀና አላለም።

«እስከ ሁለት ሰዓት ጠበቅኩት፤ አልመጣም» አለ።

«ማስረጃ አለህ?»

«ያኔም ጠይቀሽኝ ነበር። ያኔም አልነበረኝም።»

መዝገቡን ከፍታ ያለፈውን ወር ገጽ ከዛሬው ጋር ስታስተያይ ቆየች። ከዚያ «ቁጥር ያለው ዓሣ ያዝልኝ፤ የትኛውም ይሁን» አለችው።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መመዘኛ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች። ባልዲው ውስጥ አሥራ አራት ቁጥር ዓሣ ይንፈራገጣል።

«ይህ ዓሣ ባለፈው ወር ሃያ ስድስት ሴንቲሜትር ከሁለት ሚሊሜትር ነበር» አለች። «በዛሬው ገጽ ግን ሃያ አራት ተኩል ነው። ሃያዎቹም አጥረዋል።»

«ምን ይገርማል?» አለ ኃላፊው። «ረሃብ ነው። ከሱ፣ አነሱ።»

የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ሳቋን ልትውጠው ሞከረች፤ አልቻለችም።

«ምን ያስቅሻል?»

«ጌታዬ፣ እርስዎ ሲርብዎ ያጥራሉ?»

ጀልባ ነጂው ዓሣውን መለኪያው ላይ አጋደመው። ጀርባው እንደ ቢላ ስል፣ ጎኑ የቆሰለ ነው። ሃያ ስድስት ሴንቲሜትር ከሦስት ሚሊሜትር። ወዲያው ባልዲው ውስጥ መለሰው።

«የተራበ ዓሣ ይከሳል እንጂ አያጥርም» አለች መርማሪዋ። «ይህን ገጽ የሞላው ዓሣ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው ነው። ቁጥር ብቻ ስለሆነ የእጅ ጽሑፉን ማስመሰል አልከበደውም። የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ ሃያ ዓመት ዓሣ ከፍታለች፤ እንዲህ አትስትም። ጀልባ ነጂውም መረብ ላይ ነው ያደገው፤ ደግሞስ ገዳይ ቢሆን ሟቹ በገዛ ጀልባው እንደወጣ የሚያሳይ ገጽ ለምን ይጽፋል? ሚሊሜትር ዛሬ ጀልባ ላይ አልወጣም። የገባው ገንዳው ቤት ነው፤ መኖው ሱሪው ላይ ቀርቷል። ቁልፉ ደግሞ እርስዎ ጋ ነው።»

«እዚያ ምን ሊሠራ?»

«ቁስሉን ሊያይ ነዋ!» አለች የግምጃ ቤት ሠራተኛዋ። «በሽታው ከአዲሶቹ ጫጩቶች ነው የመጣው ይል ነበር። ጤንነታቸው እስኪታወቅ ወር ሙሉ ገንዳ ውስጥ መቆየት ሲገባቸው፣ እሳቸው እንግዶች ፎቶ እንዲያነሱ ብለው ገሚሶቹን በመጡበት ቀን ግድቡ ውስጥ አስለቀቋቸው። ሪፖርቱን ነገ ሊልክ ነበር።»

«የገንዳውን ጠርዝ አጥበዋል» አለች መርማሪዋ። «ከሥሩ ያለውን አሸዋ ግን ማን ጎንበስ ብሎ ያያል? አብረውኝ የመጡት ፖሊሶች እዚያ ደም አግኝተዋል።»

ኃላፊው የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ። «ገፋ አደረግኩት እንጂ አልመታሁትም» አለ። «ለአንድ ዓሣ መዛኝ ነው ይሄ ሁሉ?»

ካቴና ገባለት። ሰዎቹ ሊወጡ ሲነሱ መርማሪዋ በሩ ላይ ቆመች።

«አንድ የእኔ ነገር ቀርቷል» አለች፤ ወደ ጀልባ ነጂው ዞራ። «ከዘጠኝ ዓመት በፊት መረብ ሰርቀሃል ብዬ አሰርኩህ። አልሰረቅክም። ከተፈታህ በዓመቱ አወቅኩ። ዝም አልኩ።»

ሰውየው የአሥራ አራት ቁጥርን ባልዲ ወደ ጎን አደረገ። እጁን በሱሪው ጠረገ።

«ልጄ የሌባ ልጅ እየተባለች ነው ያደገችው።»

«አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ነገ ትምህርት ቤቷ መጥተሽ ይህንኑ ትደግሚዋለሽ።»

«እመጣለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ተማሪዎቹ ተሰልፈው ሳሉ መጣች። አንድም ቃል ሳትቀንስ ደገመችው።