ያኑርሽ ያላለው ድምፅ

የታይኛ መምህሩ ጋሽ ዜማ በቋንቋ ትምህርት ቤቱ የመቅረጫ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የማይክራፎን ማቆሚያው ብረት ነው። ብረቱ ተወልውሎ ወደ ቦታው ተመልሷል። ነፍሰ ገዳይ ጽዳት ሲወድ አያድርስ ነው! ፊቱ ግድም በክር የተንጠለጠለች ጣት የምታህል ወረቀት ነበረች። ታይኛ ጀማሪ ወረቀቷን ከአፉ ፊት አድርጎ «ፓ» ይላል፤ ትንፋሹ አምልጦ ወረቀቷ ከተነቃነቀች ሌላ ፊደል ተናገረ ማለት ነው። ጋሽ ዜማ በዚህች ብጣሽ ወረቀት ስንቱን ነጋዴ፣ ስንቱን መርከበኛ ላብ በላብ አደረገ! ወረቀቷ አሁን ቀጥ ብላ ቆማለች።

መርማሪዋ በማግስቱ ጠዋት ስትደርስ ተረኛው መኮንን መዝገቡን ዘግቶ ጠበቃት። ከኋላዋ «እሾህ» ነው የሚሏት፤ ታውቃለች፣ ግድም የላት።

«አልቋል እኮ፣ እመቤቴ» አለ መኮንኑ። «ልብስ ሰፊዋ ናት። የስምንት ሰዓት ተማሪዋ እሷ ነበረች። ‹ዘጠኝ ሰዓት ላይ በጓሮ በር ወጣሁ› ትላለች። እስከ አስር ሰዓት ሲያስተምራት ግን ዳይሬክተሩም የጽዳት ሠራተኛዋም በጆሯቸው ሰምተዋል። ጭራሽ ‹ትናንት አንድ ቃል አልተነፈሰም› ብላ ድርቅ አለች!»

«ታዲያ በምን አስተማረኝ አለች?»

መኮንኑ ሳቀ። «በእጁ። ታይኛ በእጅ! ሰምተው ያውቃሉ?»

«አንተስ ሰምተህ ታውቃለህ? አፏን ከመክፈቷ መሳቅህን ነው የማየው» አለችና ጥላው ገባች።

ልብስ ሰፊዋ ጠባቧ ክፍል ውስጥ ቁጭ ብድግ ትላለች። ሻንጣዋ ተቆልፎ ቤቷ በር ላይ ቀርቷል። ስትናገር መስኮቱ ይንቀጠቀጣል።

«ቀስ ብለሽ አውሪ፣ እህቴ።»

«አልችልም! አስራ ሁለት የስፌት መኪና መሃል ነው ያደግኩት!» አለች። «ስሙኝ፣ ዛሬ አስራ ሁለት ሰዓት አውሮፕላኔ ይነሳል። መርከበኛ ወንድሜ ከመርከብ ላይ ወድቆ አከርካሪው ተሰብሮ ባንኮክ ተኝቷል። ነገ ወደ ሌላ ሆስፒታል ያዛውሩታል። ባለፈው ሲያገላብጡት አንድ እግሩ ደነዘዘ፤ ‹ቀስ በሉ› የሚልለት ሰው የለውም። ‹ቻ ቻ› ነው የሚባለው። ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ካልያዝሽው ግን ‹ሻይ› ማለት ነው! ሳምንቱን ሙሉ ሻይ ሳዝ ነው የከረምኩት።»

«ትናንትስ?»

«ትናንት አንገቱን በሻርፕ ጠምጥሟል። ገና ስገባ ወደ ጉሮሮው አሳየኝ። ከዚያ እጁን...» መዳፏን ደረቷ ላይ ዘረጋች። «ይሄ መሃሉ። ይሄ ዝቅ ያለው። ይሄ ከላይ የሚወድቀው። ይሄ ከፍ ያለው። ይሄ ደግሞ ጎንበስ ብሎ የሚነሳው። የታይኛ ድምፅ ቃናዎች አምስት ናቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ እጁን እያየሁ ጮህኩ። በመጨረሻ ተሳካልኝና አጨበጨበልኝ። ይሄን ሰውዬ ነው የገደልሽው የሚሉኝ!»

እንባዋ መጣ፤ በንዴት ጠረገችው። መርማሪዋ ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ሆኗል።

የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ ከሰዓት በኋላ ብቻ የሚሠሩ እናት ናቸው። መጥረጊያቸውን እንደያዙ ተቀመጡ።

«ምን ምን ሰሙ፣ እትዬ?»

«ያው ትምህርቱን ነዋ፣ ልጄ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ እስከ አስር እኔና ጌታዬ ዳይሬክተሩ መግቢያው ላይ ነበርን። ‹ይቺ ልብስ ሰፊ ነገ በራሪ ስለሆነች ሰዓት ጨመረላት› አለኝ። ጋሽ ዜማ አንዷን ቃል ይላል፣ ዝም ይላል፣ ‹ጎበዝ!› ይላል። ደሞ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ‹ጎበዝ!›»

«የእሷስ ድምፅ?»

እትዬ አሰቡ። «የእሷ? አልሰማሁም እቴ።»

«በሩ ተዘግቶ ነበር?»

«ገርበብ ብሎ። እሱ እንኳ ሁሌ ጥርቅም ነው የሚያደርገው።» መጥረጊያውን በጣታቸው ቆነጠሩት። «አንድ ነገርማ ቅር ብሎኛል፤ ለሟች አይባልም እንጂ። ከሦስተኛው ‹ጎበዝ› በኋላ አነጠሰ። ‹ይማርህ!› አልኩት። ዝም አለኝ። ስድስት ዓመት ‹ያኑርሽ› ሳይለኝ ቀርቶ አያውቅም። ወደ ማስተማሩ ገባ።»

መርማሪዋ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ደሟ መፍላት የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ረዳት መምህሩ ከስምንት እስከ አስር ፎቅ ላይ ስድስት ነጋዴዎችን ሲያስተምር ነበር፤ ስድስቱም መስክረውለታል። ዓይኑ ቀልቷል። አንድ የታጠፈ ማስታወቂያ ዘረጋላት፦ «ታይኛ በሰባት ቀን! ያለ መምህር!» ይላል።

«ድምፁ የጋሽ ዜማ ነው» አለ። «ዳይሬክተሩ ‹ለተማሪዎች ማስታወሻ ይሁን› እያለ ሁለት ዓመት ቀረጸው። ለካ ሰውየውን የሚያባርርበትን ነው! ከትናንት ወዲያ ማታ ይሄን ለጋሽ ዜማ ሳሳየው ጮኸ። ‹ድምፄን ከጉሮሮዬ ሰርቆ! ከጉዞው ይምጣ ብቻ!› ቤቱ እስኪናወጥ ነበር የጮኸው። ለሰላሳ ዓመት ንዴት የሚበቃ ጩኸት ነው።»

«ትናንት አገኘኸው?»

«አላገኘሁትም። በቀጥታ ወደ ክፍሌ ወጣሁ። ይኸው የእግር እሳት ሆኖብኝ ቀረ።»

ዳይሬክተሩ ቢሮ ውስጥ ሁሉም ነገር ያበራል፤ ጫማውም ራሰ በራውም።

«እንደ ወንድሜ ነበር» አለ። «ትናንት ሰባት ሰዓት ላይ ከጉዞ ተመልሼ ገና ሳልጨብጠው!»

«ሲያስተምር ድምፁ እንዴት ነበር?»

«እንደ ደወል! ሁልጊዜም ያው ነው።»

«አልታመመም፣ አልሰለለም?»

«ኧረ በፍጹም! እትዬን ይጠይቁ።»

«ጠይቄያለሁ» አለች መርማሪዋ፤ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። ከሟች ኪስ የወጣች አንዲት ወረቀት ነበረች። መኮንኑ «የመድኃኒት ማዘዣ» ብሎ መዝግቧታል። ጽሑፏ የዶሮ ጭረት ነው፤ የክሊኒኩ ማኅተም ግን ይነበባል። ወደ ክሊኒኩ በእግሯ ሄደች።

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉንም መቅረጫ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ስፖንጅ በለበሱት ግድግዳዎች መሃል ትንፋሻቸው ይሰማል። ልብስ ሰፊዋ ከመኮንኑ ጎን ቆማ የግድግዳውን ሰዓት ታያለች፤ አውሮፕላኑ ሊነሳ አራት ሰዓት ቀረው።

«መጀመሪያ ስለዚች ሴት ድምፅ» አለች መርማሪዋ። «እስቲ ስምሽን ለመኮንኑ ንገሪው።»

ልብስ ሰፊዋ ተናገረች። መኮንኑ ጆሮውን ያዘ።

«ይሄ ጉሮሮ ገርበብ ባለ በር ሳይሰማ አንድ ሰዓት ይማራል? እትዬ የሰሙት መምህሩን ብቻ ነው። ጠያቂ አለ፣ መላሽ የለም፣ ‹ጎበዝ› ግን አለ። ማንም ሳይመልስ የሚያመሰግን መምህር የት አገር ነው ያለው?»

«ክፍሉ እኮ ድምፅ ያፍናል» አለ ዳይሬክተሩ።

«የእሱን አስወጥቶ የእሷን ያፈነው መርጦ ነው? ሁለተኛ፣ ይሄ የሐኪም ወረቀት ነው። ትናንት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ጋሽ ዜማ ክሊኒክ ነበር። ከመጮህ ብዛት የድምፅ አውታሩ ደምቷል። ሐኪሙ ‹ድምፅ ላውጣ ቢልም አይችልም ነበር፤ ባዶ ትንፋሽ ብቻ ነው የሚወጣው› ብሎኛል። ስለዚህ ይቺ ሴት እውነቷን ነው። በእጁ ነው ያስተማራት። እውነቱን ተናገረች፣ ተሳቀባት!»

መኮንኑ ወደ ጫማው አቀረቀረ። ዳይሬክተሩ ክራቫቱን ላላ አደረገ።

«ታዲያ እኛ የሰማነው...?» አሉ እትዬ።

መርማሪዋ ከዳይሬክተሩ ቢሮ ኮምፒውተር የተወሰደውን ቅጂ ከፈተች። የሟቹ ድምፅ ከማጉያው ወጣ። አንድ ቃል፣ ዝምታ፣ «ጎበዝ!» አንድ ቃል፣ ዝምታ፣ «ጎበዝ!» ለሦስተኛ ጊዜ «ጎበዝ!» አለና አነጠሰ።

«ይማር...» አሉ እትዬ ሳያውቁት፤ ከዚያ መጥረጊያቸው ከእጃቸው ወደቀ። «ወይኔ! ለዚህ ነዋ ‹ያኑርሽ› ያላለኝ! ለካ ሞቶ ነበር እኮ፣ እኔ ቂም ይዤ!»

«ይሄ ቅጂ ገና ለሕዝብ አልወጣም» አለች መርማሪዋ። «ያለው እዚያ ኮምፒውተርና በአንድ ሰው ስልክ ውስጥ ነው። ረዳቱ የለውም፣ ልብስ ሰፊዋ የላትም። ያ ሰው ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተማሪዋ በጓሮ ስትወጣ አየ፣ ገባ፣ ገደለ። በሩን ገርበብ አደረገ፣ መግቢያው ላይ ምስክር አጠገብ ተቀመጠ፣ ስልኩን ነክቶ ቅጂውን በዚህ ክፍል ማጉያ አጫወተ። ሁለት ዓመት ድምፁን ሲለቅም ከርሞ፣ ሰውየው ድምፅ እንደሌለው አላወቀም። ሰላም ቢለው፣ አንድ ጊዜ ‹እንዴት ነህ› ቢለው ኖሮ ያውቅ ነበር!»

«ሰላም ብዬዋለሁ!» ዳይሬክተሩ ጮኸ። «በደንብ አነጋገርኩት! ‹እንስማማ› አልኩት። አንድ ቃል! አንድ ቃል አልመለሰልኝም! እንደ ውሻ አየኝ። ከዚያ እጁን እንዲህ ጉሮሮው ላይ... አርድሃለሁ እያለኝ...»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ዳይሬክተሩ ዞረች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ተናገረች።

«ጉሮሮዬን አሞኛል ማለቱ ነበር» አለች። «እኔንም እንደዚያ ነው ያለኝ።»

መኮንኑ ካቴናውን አውጥቶ የዳይሬክተሩን እጅ አሰረ፤ በዚህ ጊዜ አልሳቀም። «ሻንጣዋን ከቤቷ አምጣ፣ ሂድ! አየር ማረፊያም አንተው ታደርሳታለህ» አለችው መርማሪዋ።

ልብስ ሰፊዋ በሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ወደ ባዶዋ ወንበር ዞራ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቻ ቻ» አለች፤ ዳግም ሻይ ሆነባት።

ረዳት መምህሩ ሊያርማት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ተወውና እንደ ጋሽ ዜማ በእጁ ሊያሳያት አሰበ። እጁን ዘረጋ። ከደረቱ አነሳና ከግንባሩ በላይ ያዘው።

እጁን አየች። «ቻ ቻ!» አለች፤ መስኮቱ ተንቀጠቀጠ።

ረዳቱ አጨበጨበ። እትዬ መጥረጊያቸውን አነሱ፤ ልብስ ሰፊዋም ወንድሟን ቀስ ብለው እንዲይዙላት ለመንገር ሮጠች።