የጣሳ ወተት ያልቀመሰው ድንቡሼ

ሲስተር ወደ ሚኒ ማርኬቱ የመጣችው ሳሙና ልትገዛ ነበር። ገና በሩን ሳታልፍ ግን ቀጥ ብላ ቆመች። ፊት ለፊቷ የሕፃናት የጣሳ ወተት እስከ ደረቷ ተደርድሯል፤ ከጣሳዎቹ በላይ ደግሞ ግድግዳውን የሞላ ፖስተር ተሰቅሏል። ፖስተሩ ላይ ጉንጩ የተነፋ፣ ክንዱ እጥፍጥፍ ያለ ሕፃን አንዱን ጣሳ ተደግፎ ጥርስ በሌለው ድዱ ይስቃል። ከሥሩ «ጤናማ ልጅ፣ ደስተኛ እናት» ይላል።

እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። በጤና ጣቢያው ሕፃናት የሚመዘኑበት፣ እናቶችም ስለ ማጥባት የሚመከሩበት ክፍል የእሷ ነው። በሰፈሩ ውስጥ እሷ ያልመዘነችው ሕፃን የለም ቢባል ብዙም አልተጋነነም።

«ይሄን ልጅ አውቀዋለሁ» አለች ጮክ ብላ።

«ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚለው» አላት ከላይ የመጣ ድምፅ። አንድ ወጣት መሰላል ላይ ቆሞ የተገለበጠውን የፖስተሩን ጫፍ ያጣብቃል። «ቆንጆ ልጅ ሲታይ የሚያውቁት ይመስላል።»

«እኔ ግን የማውቀው ራቁቱን ነው። ትናንት ሚዛን ላይ እንዳስተኛሁት ሸንቶብኛል።»

ወጣቱ ከመሳቁ የተነሳ ከመሰላሉ ሊወድቅ ምንም አልቀረው።

«ጠዋት ደግሞ እኔን ነበር ያጠበኝ! አጎቱ ነኝ። ፎቶውንም ያነሳሁት እኔ ነኝ።»

«እናቱ እኮ ጡት ብቻ ነው የምታጠባው። ድንቡሼ የጣሳ ወተት የት ያውቃል?»

«አያውቅም። ጣሳውን አጠገቡ ያደረግኩት እኔ ነኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እንዲህ የሚስቀው እናቱ ከኋላዬ ቆማ ስላያት ነው። ርቦት ነበር።»

ይህን ሲል ራሱም ትንሽ አፈረ። ሒሳብ መቀበያው ጋ የተቀመጡት የሱቁ ባለቤት ግን ማፈር የሚባል ነገር አልነካቸውም። የፎቶ አንሺው አባት ናቸው። ለሚገባው ለሚወጣው ሁሉ ወደ ፖስተሩ እየጠቆሙ «የልጅ ልጄ ነው! እስቲ እዩልኝ!» ይላሉ። ሲስተር ሳሙናውን ረስታ ወጣች። ምን ያህል እንደተናደደች ለማወቅ ግን ተቸግራለች፤ የመሰላሉ ሰውዬ ሳቅ ጆሮዋ ውስጥ ቀርቷልና።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድንቡሼ ሚዛን ላይ በወጣ ቁጥር አጎቱ ከአጠገቡ አይጠፋም። እህቱ «የልጁ ወላጅ አንተ ነህ፣ እኔ አጃቢ ነኝ» እያለች ታሾፍበታለች። እሱ የዳይፐሩን ቦርሳ ተሸክሞ ግድግዳ ይደገፍና ሲስተር ኪሎውን ስትመዘግብ ያያታል። እሷም እንደሚያያት ታውቃለች። ስለምታውቅም ቁጥሩን ተሳስታ ትጽፍና ትሰርዛለች።

አንድ ቀን «ከሥራ ስትወጪ ሻይ እንጠጣ?» አላት።

«ሻይ» አለች፤ ሌላ ቃል አልመጣላትም።

ሻይ በሻይ ላይ ተደራረበ። ሲያወራ እጁን የሚያወናጭፍ፣ ስታወራ ግን እጁን አጣምሮ የሚሰማ ሰው ነበር። እሷ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሌሎችን ስታዳምጥ የምትውል በመሆኗ የሚሰማት ማግኘት ብርቅ ሆነባት። ወደደችው። ወደ ቤቷ ስትሄድ ያለ ምክንያት ፈገግ ትላለች። ችግሩ፣ ወደ ሻይ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በሚኒ ማርኬቱ በር ያልፋል።

«ያ ፖስተር ይውረድ» አለችው አንድ ቀን ድንገት።

«ፎቶ እኮ ነው የኔ ቆንጆ። ምን ውሸት አለበት? ልጁ ልጅ ነው፣ ጣሳው ጣሳ ነው።»

«ጎን ለጎን ስታስቀምጣቸው ነው ውሸት የሚሆኑት።»

ብርጭቆውን አሽከረከረ። ከዚያ ነገራት። የወተቱ አከፋፋይ ወኪል ፖስተሩን ወዶታል፤ የሌሎቹንም ሱቆች የፖስተር ፎቶ ሥራ ለእሱ ሊሰጠው ቃል ገብቷል። ያ ከሆነ የራሱን ፎቶ ቤት ይከፍታል።

«ፎቶ ቤት ከሌለኝ ምን ይዤ ነው የማገባሽ? በአባቴ ሱቅ ጓዳ ልናስገባሽ ነው?»

ማግባት የሚለው ቃል ሳያስበው ነው ያመለጠው። ሁለቱም ደነገጡ። ሲስተርን መሳቅም ማልቀስም አማራት።

«ስማኝ» አለችው በመጨረሻ። «ጠዋት ጠዋት ልጆቻችሁን ጡት አጥቡ ብዬ እመክራለሁ። እናቶቹ ከእኔ ወጥተው ቀጥ ብለው ያንተ ፎቶ ሥር ይቆማሉ። ጣሳው አይሸጥ አላልኩም። ማጥባት ለማትችል፣ እናቱን ላጣ ልጅ፣ እሰየው፣ ይኑር። ጡቷ ሞልቶ የምታልፈዋን ግን በር ላይ ቆሞ አይጥራት። እሱ እዚያ እያለ እኔ ካንተ ጋር መሆን አልችልም።»

ሻይዋን ሳትጨርስ ተነሳች። እሱም አልተከተላትም።

በሚቀጥለው የምዘና ቀን ያው እህቱን አጅቦ መጣ። ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነበር። እህቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ ሲስተርን እያየች «እናንተ ሰዎች ብርድ አስገባችሁብን» አለች፤ ማንም አልሳቀላትም።

ከእነሱ ቀድማ ተራ የያዘች አንዲት ወጣት እናት ነበረች። የመጀመሪያ ልጇ ናት። ሕፃኗ የድንቡሼ እኩያ ብትሆንም ከእጁ ጎን እጇ ቀጫጫ ነው። ወጣቷ ድንቡሼን ስታይ ፊቷ በራ።

«የፖስተሩ ልጅ! በስመአብ፣ እሱ ራሱ ነው!» ከዚያ ወደ እናቱ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። «እህቴ፣ ስንት ስንት ማንኪያ ነው የምትሰጪው?»

«የምን ማንኪያ?»

«የጣሳውን ነዋ።»

የፎቶ አንሺው እህት ከት ብላ ሳቀች። «ኧረ እሱ ጣሳ የሚያውቀው ሲያንከባልለው ነው! ይሄ ሁሉ ሥጋ የእኔ ጡት ነው።»

ወጣቷ እናት ግን አልሳቀችም።

«እኔ እኮ እሱን አይቼ ነው የጀመርኩት። ሽማግሌውም የልጅ ልጄ ነው ሲሉኝ፣ ለገዛ የልጅ ልጃቸው የሚሰጡት ከሆነ ብዬ… ቶሎ እንዳያልቅብኝ ዱቄቱን ቀነስ፣ ውሃውን ጨመር አደርጋለሁ። ጡቴም እየቀነሰ ሄደ።»

ፎቶ አንሺው ሲስተር ቀና ብላ እንድታየው ጠበቀ። «አየህ?» እንድትለው፣ በዓይኗ እንድትገርፈው ፈለገ፤ ቢቀለው ብሎ ነው። እሷ ግን ወደ እሱ ዞር አላለችም። ወንበር ስባ ከወጣቷ አጠገብ ተቀመጠችና እጇን ያዘች።

«አልደረቀም፤ ቀንሶ ነው። ቶሎ ቶሎ ካስጠባሻት ይመለሳል። እስኪመለስ የምትሰጫትን እንዳታቀጥኚው፤ በልኩ፣ በፈላ ውሃ። በየሁለት ቀኑ እየመጣሽ እንመዝናታለን። አንቺ ምንም አላጠፋሽም፣ እሺ?»

ወጣቷ እንባዋን ጠርጋ እሺ አለች። ፎቶ አንሺው የዳይፐሩን ቦርሳ ለእህቱ ሰጥቶ ወጣ።

ሱቁ ሲደርስ ማንንም ሳያናግር መሰላሉን ዘርግቶ ወጣ። አባቱ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

«ምን ልትሆን ነው? የልጅ ልጄን የት ልትወስድብኝ ነው?»

«ላወርደው ነው አባዬ። ሰዎች ይሄን ጠጥቶ ያደገ እየመሰላቸው ነው።»

«እኔ አንድም ቀን እንደዛ ብዬ አላውቅም!»

«እኔም አላልኩም። ማንም ሳይል ነው ሰው ያመነው።»

ፖስተሩ ወረደ። ወኪሉ ሲመጣም ፎቶ አንሺው ሥራውን እንደማይፈልግ ነገረው። አባትየው በንዴት ኩርፊያ ጀመሩ። አባትና ልጅ እዚያው አንድ ሱቅ ውስጥ እየዋሉ በደንበኛ አፍ ብቻ ይነጋገሩ ነበር። ልጁ አጠገባቸው ቆሞ እያለ «ያን ሰውዬ ስኳሩን ያውርድልሽ በዪው» ይላሉ አባት። «የትኛውን ስኳር ይልዎታል በዪያቸው» ይላል ልጅ። ደንበኞችም ለዚህ ትርዒት ሲሉ ሳያስፈልጋቸው ስኳር መግዛት ጀመሩ።

ሲስተር ይህን ሁሉ የሰማችው ከእህቱ ነው፤ ስለ ቀጫጫዋ ሕፃንና ስለ ሲስተር ለአባቷ የነገረችውም እሷው ናት። የሰማች ዕለት ጋውኗን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ሚኒ ማርኬቱ ገሰገሰች። በሩ ላይ የነበረው ክምር የለም። ጣሳዎቹ ከሽማግሌው ጀርባ፣ ለጠየቀ ብቻ በሚወርዱበት መደርደሪያ ላይ ተቀምጠዋል።

«አባባ» አለች ትንፋሿን ሳትሰበስብ፣ «ያቺ ቀጫጫ ልጅ ዛሬ ኪሎ ጨመረች። የእናቷም ጡት ተመልሷል።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉ። ብዙ ጠረጉት።

«ተመስገን። እኔ እኮ በልጅ ልጄ ልፎክር ብዬ ነው እንጂ የሰው ልጅ ላስርብ ብዬ አይደለም» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን መልሰው አጠነከሩ። «አሁንማ ጣሳ የጠየቀችኝን ሁሉ ‹ጤና ጣቢያ ሄደሻል ወይ› እያልኩ ነው። ነጋዴ ልሁን ሐኪም ልሁን አላውቅም! አንቺ ነሽ እንዲህ ያደረግሽኝ። ልጄንም ሥራ አስፈታሽው፣ ከእኔም አኳረፍሽው። በይ እስቲ ንገሪኝ፣ ይሄን ልጅ ምን ላድርገው?»

ፎቶ አንሺው ከሩዝ ማዳበሪያዎቹ ኋላ ብቅ ብሎ ደርቆ ቆሟል። ሲስተር አየችው። ስንት ቀን ያላየችውን ፊት ጠግባ አየችው፤ እሱም ዓይኑን አልሰበረም። ፎቶ ቤት እንደሌለው ታውቃለች። ማን እንደሆነ ደግሞ አሁን ከማንም በላይ ታውቃለች።

«ለእኔ ይስጡኝ» አለች።

ሰልፍ የያዙት ደንበኞች ሳይቀሩ አንገታቸውን አሰገጉ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፤ ልጃቸውንም አዩት። ስንት ቀን የቆዩበትን ኩርፊያ ረስተው ቀጥታ አናገሩት።

«ሰማህ? ና ውጣ ከዚያ!» አሉት። ወደ እሷም ጎንበስ ብለው ጣታቸውን ቀሰሩ። «አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልንገርሽ። እዚህ ቤት የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።»

«አልመልሰውም» አለች ሲስተር፤ እጇንም ዘረጋችለት።