መፍቻውን የያዝኩት እኔ ነበርኩ

ልጆቼ፣ ቁጭ በሉና ስሙኝ። ይሄን የምነግራችሁ አምላኬን ፈርቼ ነው። ጠብታ ውሸት ካለበት ምላሴን ይያዘው።

ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ቀን ነው... ጠራራ ፀሐይ፣ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ በገዛ ግቢዬ ውስጥ።

ግቢያችን ጋራዥ ነው። የልጆቼ አባት ትቶልን ያለፈው እሱን ነው። ሁለቱ ወንዶች ልጆቼ ትዳር ይዘው፣ ወልደው ከብደው እንኳ ሥራቸው እኔው በር ላይ ነው። ትልቁን ጉልቤ ይሉታል፣ የመኪና ማንሻው ክሪክ እያለለት በትከሻዬ ካላነሳሁ ስለሚል። ትንሹን መርፌ ይሉታል። ቀጭን ነው፣ ጣቱ የማይገባበት ቀዳዳ የለም። የሁለት ቤት ጉሮሮ ያለው በእሱ ጣት ላይ ነው።

እኔም ሥራ አለኝ፣ እንዳትስቁ።

ሞተር ተፈትቶ ሲገጠም፣ ከላይ ቫልቭ የሚከፍቱት ሁለቱ ዘንጎች፣ ካምሻፍቶቹ፣ እና ከታች ፒስተኑን የሚነዳው ዘንግ፣ ክራንኩ፣ ምልክታቸው መግጠም አለበት። ከዚያ ነው ሦስቱን አብሮ የሚያዞረው ባለ ጥርስ ቀበቶ፣ ቺንጋ የምንለው፣ የሚጠለቀው። አንድ ጥርስ ከተዛነፈ ፒስተኑና ቫልቩ ይጋጫሉ፣ ሞተሩ ራሱን ይበላል።

ሌላ ጋራዥ ክራንኩ እንዳይዞር በብረት ማሰሪያ ያስረዋል። እኛ ቤት ግን የምይዘው እኔ ነኝ። ከባለቤቴ ጊዜ ጀምሮ ረጅሙን መፍቻ ክራንኩ ላይ ሰክቼ፣ አዙሪ ሲሉኝ አዞራለሁ፣ ያዢ ሲሉኝ እይዛለሁ። በሆዴ አባታችን ሆይ እላለሁ።

ጉልቤ ለደንበኛ ሁሉ "ማሰሪያ ብረት አይጸልይም" እያለ ይቀልድብኛል።

የዚያን ቀን ሞተር የአንድ ሹፌር ነበር። ቺንጋው መንገድ ላይ ተበጥሶበት ነው ያስጎተተው። ሞተሩ ወርዶ፣ ቫልቮቹ ተቀይረው፣ ማቆሚያ ብረት ላይ ተሰቅሏል። ሹፌሩ አንድም ቀን ከበር አልፎ ገብቶ አያውቅም። ግባ ሲሉት ይሽኮረመማል።

ያን ቀንም መጥቶ በሩ ላይ ቆመ። መርፌን ጠርቶ፣ ሞተሩን በእጅ ማዞር የግድ ነው ወይ አለው። መርፌም በእጅ ሳናዞር በቁልፍ አናስነሳም፣ ደንባችን ነው አለው። ሰውየው መንገዱን ተሻግሮ ማዶ ቆመ።

"ይሄ ሰውዬ ያመጣልን መኪናውን ነው ወይስ አማቱን?" አለ ጉልቤ። ሳቅን።

መፍቻውን ሰክቼ ያዝኩ።

ብረቱ ሞቀኝ። ሞተሩ ጥላ ውስጥ የሰነበተ ነው... ባትሪ የለው፣ እሳት የሚጭርበት ካንዴላ የለው።

መርፌ ምልክቶቹን አገጣጠመ። ቺንጋውን ሊያነሳ ጎንበስ ብሎ ቀና ሲል፣ አንዱ ካምሻፍት አንድ ጥርስ አልፏል።

የቫልቩ ሞላ ነው የገፋው አለ። እውነቱን ነው፣ ሞላ ካምሻፍትን ይገፋል። መለሰው።

እንደገና አለፈ።

ከዚያ መፍቻው እጄ ላይ ተነፈሰ። ሌላ ቃል የለኝም። ትንሽ ወደፊት... ትንሽ ወደኋላ። ክራንክ ደግሞ ሞላ የለውም። የሚገፋው ነገር የለም።

"እማዬ፣ አታንቀሳቅሺው" አለ መርፌ፣ ቀስ ብሎ።

"እኔ አይደለሁም።"

"ታዲያ ማነው?"

ምን ልበለው? ከወዲያ በኩል አንድ ሰው መፍቻውን የያዘ ይመስለኝ ነበር። አይጎትትም። ጉልበቴን ይለካል።

ለዛሬ ይቅርብን አልኳቸው። ጉልቤ ይሄን አጥልቀን እንረፍ አለ። መርፌ ደግሞ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣

"አንቺ ከያዝሽው ምን እሆናለሁ?" አለኝ።

ጣቶቹን በቺንጋውና በካምሻፍቱ ጥርስ መሀል አስገባ።

መፍቻው ዞረ።

በሁለት እጄ፣ በደረቴ፣ በሙሉ ክብደቴ ተንጠለጠልኩበት። እንደ ገለባ አነሳኝ። ሞተሩ ድምፅ የለውም... ዝም ብሎ፣ ቀስ ብሎ ይዞራል። የልጄን ጣቶች ከቺንጋው ጋር ወደ ጥርሱ አስገባቸው።

አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ ጭራሮ ነው።

መርፌ መጀመሪያ አልጮኸም። አየኝ። ለምን ለቀቅሽው የሚል አስተያየት...

አልለቀቅኩም ነበር።

ጉልቤ ሊያግዘኝ ዘሎ መጣ። መፍቻው ከእጄ ተፈናጥሮ መንጋጋውን መታው። ጥርሱን ከነደሙ መሬት ላይ ተፋ። ያኔ መርፌ ጮኸ። እጁ እስከ አንጓው ገብቷል። ደሙ ከቺንጋው ጋር እየዞረ ፊቴ ላይ ይረጫል።

የጎማ መቁረጫውን ቢላ አነሳሁ። በስመ አብ እያልኩ ቺንጋውን ገዘገዝኩት። መዳፌንም አብሬ ቆረጥኩ፣ አልታወቀኝም።

ተበጠሰ። ልጄ ወደኋላ ወደቀ።

ቺንጋ ከሌለ ካምሻፍት የሚያዞረው የለም። ይሄን ማንም ያውቃል።

ካምሻፍቶቹ ግን ዞሩ... ዞሩ... ምልክታቸው ልክ ሲገጥም ቆሙ።

ቀና ስል ሹፌሩ በሩ ላይ ነው። ያለቅሳል።

"ከእናንተ በፊት የነበረበት ጋራዥም ሞተሩ እንዲሁ ነው ያደረገው፣ እናቴ" አለኝ። "የሠራተኛውን እጅ ከነቀለበቱ እስከ ክርኑ ወሰደው። ብነግራችሁ እሺ አትሉኝም ብዬ ነው።"

ጉልቤ ሰማው። አፉ ደም እንደሞላ ሄደ። አንገቱን አንቆ ከበሩ ብረት ጋር አላተመው፣ ደግሞ አላተመው። የሰውየው ግንባር ተተረተረ። ጉልቤ መዶሻ ሲያነሳ ክንዱ ላይ ተጠመጠምኩ።

"ልጄ፣ ዛሬ አንድ እጅ አጥቻለሁ። ያንተን ለወህኒ አልሰጥም።"

ክንዱ ሊያመልጠኝ ታገለ... ይሄኛውን ያዝኩት። መዶሻው ወደቀ። ሰውየው እየተሳበ ወጣ። መኪናውን ሊወስድ እስከ ዛሬ አልመጣም።

ሐኪሞቹ የመርፌን እጅ ማትረፍ አልቻሉም። ከአንጓው ከፍ አድርገው ቆረጡት።

ከሰዓት በኋላ ከማደንዘዣው ሳይነቃ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ አልጋው ላይ ነበረች፣ ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል። ክንዱ በፋሻ ተጠቅልሎ አንሶላው ላይ ተጋድሟል። ከፋሻው ጫፍ ወዲያ ምንም የለም። እጅ የነበረበት ቦታ ላይ መዳፌን ዘርግቼ አለቀስኩ።

የሆነ ነገር መዳፌን ጨበጠ።

ጣቶች ናቸው። አንድ... ሁለት... አምስቱም። ዓይኔ እያየ አንሶላው በእጅ ቅርጽ ሰረጎደ። የመርፌ ናቸው ብዬ ልቤ ሊዘል ነበር።

ወፍራም ነበሩ። ሻካራ ነበሩ። የማላውቀው ሰው የእጅ ቀለበት አጥንቴን እየተጫነኝ ነበር።

ላላቅቀው ብል አጠበቀ።

እባካችሁ ልጆቼ፣ ዛሬ ስትተኙ ልጄን በጸሎታችሁ አስቡት። ስሙን አምላክ ያውቀዋል።