ሳልጠራው የመጣው ኢሜይል

ከሁሉ አስቀድመህ አንድ ነገር እወቅልኝ ወዳጄ፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ሆኜም አላውቅም። እናቴ «ሲመሽ ከውጭ የጠራህን ሰው ሦስቴ ሳይጠራህ አቤት እንዳትለው፣ ክፉ ነገር የሚጠራው አንዴ ብቻ ነው» እያለች ስታሳድገኝ፣ እኔ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አቤት ብዬ ሮጬ የምወጣ ልጅ ነበርኩ፣ ሁሌም የጎረቤት ልጅ ነበር የሚጠራኝ። ካደግኩም በኋላ በቡዳውም፣ በሟርቱም፣ በጥላ ወጊውም በጋዜጣ ላይ እየተሳለቅኩ ነው የኖርኩት፣ ባለቤቴ የሺ «አንተኮ መንፈስ ቢመጣብህ መታወቂያ አሳይ ትለዋለህ» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው። እና ይህን የምነግርህ ፈርቼ አይደለም፣ ተናድጄ ነው።

ንዴቱ ከስልክ ይጀምራል። አሮጌው ስልኬ ዝናብ ገብቶበት ሞተና አዲስ ገዛሁ፣ ገና ከካርቶኑ ሳወጣው ይመረምረኝ ጀመር፣ ኢሜይልህን እንዴት ልስጥህ አለኝ፣ እንደተላከ ወዲያው ልግፋልህ፣ ወይስ በየተወሰነ ጊዜ እየሄድኩ ላምጣልህ፣ ወይስ አንተ ራስህ ስትጠይቀኝ ብቻ? የመጀመሪያውን ፑሽ ይሉታል፣ መላው ዓለም የሚመርጠውም እሱን ነው፣ ስለዚህ እኔ የመጨረሻውን መረጥኩ። በጋዜጣው ቤት ጽሑፎቼን የምታርመው ልጅ «ጋሼ፣ እባክዎ ፑሽ ያድርጉት፣ የምንልክልዎትን ከሁለት ቀን በኋላ ነው የሚያዩት» ስትለኝ፣ «ሁለት ቀን መቆየት ያልቻለ ጽሑፍ ድሮም አልጸናም ነበር» አልኳት። የምሬን ነው። በእኛ አገር እንግዳ ደጅ ላይ ቆሞ «ቤቶች» ይላል፣ ማነው ይባላል፣ ስሙን ይናገራል፣ ከዚያ ነው የሚገባው፣ ታዲያ የማንም ሥራ ፈት ወረቀት ሰተት ብሎ ደረት ኪሴ ውስጥ ገብቶ የሚንቀጠቀጥበት ምን ሥልጣን አለው?

ይህን ሁሉ እንዲህ አምርሬ የተናገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፣ ለጋሽ አንጁሎ። ጋሽ አንጁሎ ከእኛ ግቢ ወረድ ብለው፣ ሽሮ ሜዳን ቁልቁል በሚያየው ቅያስ ውስጥ የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው፣ ሚስታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ያላቸው አንድ ልጅ ነው፣ ዳዊት፣ እሱም የመርከብ መሐንዲስ ሆኖ በባዕድ መርከብ ላይ ይሠራል። ባህር ላይ ሲሆን እንደ ልብ ስልክ አይደውልም፣ ቴሌግራም አይከፍትም፣ የሚፈቀድለት ኢሜይል ብቻ ነው፣ አባቱ ደግሞ ከትንሿ የቁልፍ ስልክ ሌላ የላቸውም፣ ስለዚህ በእኔ አድራሻ ይጽፍና እኔ እየወረድኩ አነብላቸዋለሁ። ሁልጊዜ አመሻሽ ላይ ነው። ጋሽ አንጁሎ መወርወሪያውን ያስቀምጣሉ፣ ከሽመና ዕቃው ጉድጓድ እግራቸውን ያወጣሉ፣ እጃቸውን በሳሙና ይታጠባሉ፣ በፎጣ ያደርቃሉ፣ ከዚያ «በል ጥራው» ይሉኛል፣ እኔም ኢሜይሉን እጠራዋለሁ፣ ከመጣ አነባለሁ።

«ቆይ፣ እንግዲህ አንተ ካልጠራኸው ደጅ ቆሞ ያድራል ማለት ነው?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ያድራል። ምን ይሆናል?»

«መልእክተኛ ደጅ አያሳድሩም።»

«መልእክተኛ አይደለም ጋሽ አንጁሎ፣ ኢሜይል ነው።»

«ልጄ ቢቸግረውስ?»

«ቢቸግረው እርስዎና እኔ ከዚህ ሆነን ምን እናደርግለታለን? ዋና እንኳን አንችልም።»

አልሳቁም። ያኔ ከዳዊት ወሬ ከጠፋ ሰንበት ብሎ ነበር፣ ለመስቀል እረፍት ወስዶ እንደሚመጣ ከጻፈ ወዲህ ምንም የለም፣ አባትየው ግን ጋቢውን ጀምረውለታል፣ በመስቀል ልጅ ባዶ ትከሻውን ቤቱ አይገባም ይላሉ።

አሁን ወደዚያች ምሽት ልምጣ። ነሐሴ ነው፣ ከእንጦጦ የወረደ ዝናብ ሰፈሩን ሲደበድበው ውሎ መብራትም ኔትወርክም ይዞ ሄዷል፣ የሺ «ምን ልታነብላቸው ነው የምትሄደው?» ብትለኝም ሄድኩ፣ ሰውየው እጃቸውን ታጥበው ይጠብቁኛላ። ሻማ አብርተው ተቀምጠዋል። ኔትወርክ የለም አልኳቸው፣ ጥቂት እንጫወት ብለው አስቀመጡኝ፣ ስለ ዝናቡ እያወራን ሳለ ከሽመና ዕቃው በኩል ጠቅ የሚል ድምፅ ሰማሁ። መወርወሪያ ከድሩ ዳር ሲደርስ የሚያሰማትን ታውቃታለህ፣ ደረቅ፣ አጭር ናት። ወደ ሸማው ዞርኩ፣ ማንም የለም። ጋሽ አንጁሎን አየሁ፣ ሁለቱም እጆቻቸው ጉልበታቸው ላይ ናቸው፣ እሳቸውም ወደ ሸማው እያዩ ነው።

«አይጥ ነው» አልኩ።

«አይጥ መወርወር አይችልም» አሉ።

እንደገና ጠቅ አለ፣ በዚህ ጊዜ ግን ከሸማው አልነበረም፣ ከደረቴ ነበር። ስልኬ ድምፁ ጠፍቶ ነበር፣ እመነኝ፣ ድምፅ አብርቼለት አላውቅም። አወጣሁት፣ ኔትወርክ የለም ይላል፣ ከስሩ ግን ኢሜይል ገብቷል። ዳዊት ከሚሠራበት ድርጅት ነው፣ በእንግሊዝኛ፣ አጭር፣ ከመርከቡ ላይ ጠፍቷል፣ ፍለጋው ቆሟል፣ ቤተሰቡን እንድታጽናኑ ይላል። አንዴ አነበብኩና ዘጋሁት።

«የልጄ ነው?»

«አይደለም፣ እነዚያ የጋዜጣ ቤት ልጆች ናቸው፣ ሰላም አይሰጡኝም።»

«ሳትጠራው አይመጣም አላልክም?»

«ስልክ ምኑ ይታመናል ጋሽ አንጁሎ» ብዬ ተነሳሁ፣ ጃንጥላዬን እንኳን ረስቼ ወጣሁ።

አሁን ንዴቴን ተረዳኝ። በዚህ አገር መርዶ እንዴት እንደሚነገር ታውቃለህ፣ አንድ ሰው ብቻውን፣ በሻማ ብርሃን፣ «እንዲህ ሆነልዎ» ብሎ አይናገርም። የሰማው ዝም ይላል፣ ይስቃል፣ ያጫውታል፣ ለእድር ይነገራል፣ ሟቹ የማን ወዳጅ እንደነበር ይታሰባል፣ ከዚያ ማለዳ፣ ወፍ ሲንጫጫ፣ ሽማግሌዎች ደጁን ሞልተው ነው የሚነገረው፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ እንዲኖር። አያቶቻችን ሞትን ከመንገር በፊት ይህን ሁሉ አስበዋል፣ አንድ ካርቶን ውስጥ ተጠቅልሎ የመጣ ዕቃ ግን ሞትን ኪሴ ውስጥ ገፋው፣ ያውም እንዳትገፋብኝ ብዬ ከልክዬው።

ከዚያ ወደ እድራችን ዳኛ ወደ ጋሽ ተፈራ ቤት ወጣሁ። ጋሽ ተፈራ ጡረታ የወጡ ሹፌር ናቸው፣ ሁሉን ነገር በማስረጃ ነው የሚይዙት። ነገርኳቸው። ኩራዛቸውን ጠጋ አደረጉና «አሳየኝ» አሉ። ስልኩን ከፈትኩ፣ የለም። ከላይ እስከ ታች ፈለግኩ፣ የተሰረዘውን አየሁ፣ የለም፣ ሴቲንጉን ከፈትኩ፣ ስትጠይቀኝ ብቻ የሚለው ላይ እንዳደረግኩት ነው። ቁጭ ብለን ስንጨቃጨቅ ኔትወርኩ ተመለሰ፣ ጠራሁት፣ የማስታወቂያ ቆሻሻ ዘረገፈልኝ፣ ከድርጅቱ ግን ምንም።

«ጸሐፊ ሰው አይደለህ» አሉኝ። «ሳታስበው ፈጥረኸው ይሆናል።»

«እኔ ልብ ወለድ አልጽፍም ጋሽ ተፈራ።»

«የምትጽፈውን አንብቤዋለሁ፣ ብትጽፍ ይሻልህ ነበር።» ትንሽ አሰቡና ፊታቸው ጠቆረ። «እውነት ከሆነ ደብቀን ማዋል ነውር ነው፣ ሐሰት ከሆነ ደግሞ የቆመ ልጅ መቅበር ነው። ሰው ይዤ ማለዳ እመጣለሁ፣ እስከዚያ ወረቀቱ ከመጣ እንነግራለን፣ ካልመጣ እንመለሳለን።»

እኔም እሺ አልኩ፣ ሁለታችንም ሞኝ ነበርን፣ ማለዳ ሽማግሌዎችን ደጅ ማቆም ራሱ መርዶ መሆኑን ማናችንም አላሰብነውም።

ሲነጋ ጉም ነበር። ጋሽ ተፈራ ከሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከጋሽ አንጁሎ ደጅ ቆመዋል። «መጣ?» አሉኝ በሹክሹክታ። ዓይናቸው እያየ ስልኩን ከፈትኩ፣ ጠራሁት፣ አልመጣም፣ ዳታውን ዘግቼ ኪሴ ከተትኩት። «በሉ እንመለስ» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ይህን ብለው ሳይጨርሱ በሩ ተከፈተ፣ ጋሽ አንጁሎ ፊታቸውን ሊታጠቡ ውሃ በጆግ ይዘው ወጡ። አዩን። ከሽማግሌ ወደ ሽማግሌ፣ ከዚያ ወደ ነጠላዎቹ፣ ከዚያ ወደ እኔ አዩ። ጆጉን ቀስ ብለው መሬት አስቀመጡት፣ አንድ ጠብታ አላፈሰሱም። አፋቸው ተከፍቶ ቀረ። ጋሽ ተፈራ ሊናገሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፣ ምን ሊሉ እንደነበር እስካሁን አላውቅም።

ጠቅ አለ ደረቴ።

አወጣሁት። ከዳዊት ነው፣ በአማርኛ። «አባዬ ደህና ነኝ፣ አታስብ። ሽማግሌዎቹን ብርድ እንዳይመታቸው አስገባቸውና ሻይ አጠጣቸው።»

ጮክ ብዬ ያነበብኩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው፣ ሁለተኛውን ለራሴ አስቀረሁት። ጋሽ አንጁሎ ደጃቸው ላይ ቁጭ አሉ፣ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ቀና ብለው «ታዲያ እናንተ በዚህ ማለዳ ምን ፈለጋችሁ?» አሉ።

«ጋቢ ልናሠራ ነው» አሉ ጋሽ ተፈራ፣ ነጠላቸውን በጥድፊያ እያስተካከሉ።

«ሦስታችሁም?»

«ሦስታችንም።»

«ለመስቀል አይደርስም።»

«ለገና ይሁን» አሉ ከኋላ አንደኛው ሽማግሌ፣ በቀጭን ድምፅ።

ጋሽ አንጁሎ ከት ብለው ሳቁ፣ እንባቸውን ጠረጉና በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱ። «በሉ ግቡ፣ ብርድ እንዳይመታችሁ» አሉ፣ «ሻይ አጠጣችኋለሁ።» እኔ አልገባሁም።

ለየሺ አሳየኋት፣ ይኸኛው ኢሜይል አልጠፋም፣ እስካሁን አለ። የሺ ለሁሉም ነገር መልስ አላት፣ ኔትወርክ ሲመለስ ያጠራቀመውን ይዘረግፋል አለች፣ የማታውን ደግሞ መነጽርህን ሳታደርግ አንብበህ ነው አለች፣ አድርጌ ነበር። «ሽማግሌዎቹስ?» አልኳት። አንዴ ደግማ አነበበችው፣ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና የግቢውን በር መቆለፉን ልታይ ወጣች፣ በጠራራ ፀሐይ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንስታ አታውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኢሜይሉ በየምሽቱ ይመጣል፣ ጋሽ አንጁሎ እጃቸውን ታጥበው ፎጣውን ሲያስቀምጡ፣ እኔ ሳልጠራው፣ ጠቅ ብሎ። «መጣ» ይላሉ እሳቸው፣ ደስ ብሏቸው፣ ፑሽ እሺ ያልኩላቸው ነው የሚመስላቸው። ዳዊት ድሮ ወደብ ሲደርስ ይደውል ነበር፣ አሁን አይደውልም። ለድርጅቱ ጻፍኩ፣ መልስ የለም። ባለፈው ደግሞ «የጋቢው ጥለት ላይ ያስገባኸው አረንጓዴ አምሮበታል» ብሎ ጻፈላቸው፣ አረንጓዴውን ጋሽ አንጁሎ ያስገቡት በዚያው ጠዋት ነበር፣ ያየው የለም።

«ነገርከው እንዴ?» አሉኝ።

«አልነገርኩትም።»

«እንግዲያው እጄን ያውቀዋል» አሉ፣ በኩራት።

ምን ልበላቸው? ለመርዶ ደንብ አለን፣ ለዚህ ግን ደንብ የለንም። ደህና ነኝ የሚል ልጅ ሞቷል ብሎ ሽማግሌ አይሰበሰብም፣ ጋሽ ተፈራንም ደግሜ ባስቸግራቸው ማስረጃ ይሉኛል፣ ያለኝ ማስረጃ ሁሉ ልጁ በሕይወት እንዳለ የሚናገር ነው። ትናንት ሴቲንጉን ከፈትኩ፣ ያው ሦስት ምርጫ ተደርድሯል፣ ወዲያው፣ በየጊዜው፣ ስትጠይቀኝ። ኢሜይሉን ነቅዬ ከስልኩ ላጠፋው እጄን ሰነዘርኩ፣ ግን ነገ ማታ ሰውየው እጃቸውን ታጥበው ሲያዩኝ ምን ላነብላቸው ነው? ተውኩት። ይህን ምርጫ ብለው የሚጠሩትን ሰዎች ባገኛቸው የምነግራቸው ነበረኝ።

ገና ስልኩ ከእጄ ሳይወጣ ጠቅ አለ፣ ይኸኛው ለአባቱ አልነበረም፣ ለእኔ ነው። «ጋሼ፣ አይናደዱብኝ። ለመስቀል እመጣለሁ። እርስዎ እንደማይወዱት ሰተት ብዬ አልገባም፣ ደጅ ቆሜ ቤቶች እላለሁ።»

ጋቢው አልቋል። ታጥፎ የሽመና ዕቃው ላይ ተቀምጧል፣ አረንጓዴው ወደ ላይ። ጋሽ አንጁሎ ጆሯቸው የቅርቡን እንጂ የደጁን ድምፅ መስማት ስለደከመው ለመስቀል ዋዜማ ሲመሽ አብሬያቸው እንድቀመጥ ለመኑኝ፣ «ሲጠራ እንዳያመልጠኝ፣ አንተ አቤት በልልኝ» አሉ፣ እሺ አልኩ። እናቴ በሕይወት ብትኖር አንድ ነገር እጠይቃት ነበር፣ አንዴ ጠርቶ ዝም ካለ፣ አጠገቤ ያሉት አባት ደግሞ ምንም ካልሰሙ፣ ምን ላድርግ?